«ለአክተሩ ብዬ ነው»

ሰው ሲታፈን፣ ሲገደልና ሲቆራረጥ የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ ሌሊቱን ሙሉ ሲያይ ያደረ ሰው፣ ጠዋት «ምን ነካህ? እንዲህ ያለ ነገር ለምን ታያለህ?» ሲባል መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ኧረ ታሪኩን ብዬ አይደለም፤ ለአክተሩ ብዬ ነው።» አዲስ አበባ ካፌ ውስጥም፣ ዋሽንግተን ታክሲ ውስጥም፣ ዱባይ ስድስት ሰው በሚያድርበት ክፍል ውስጥም መልሱ ያው ነው። ጠያቂውም ዝም ይላል። ችሎታን ማድነቅ ነውር አይደለማ!

ነውርስ አይደለም። ነገር ግን ይህች አጭር መልስ አንዳንዴ እውነት ናት፣ አንዳንዴ ደግሞ መደበቂያ ናት። የቱ ጊዜ እውነት፣ የቱ ጊዜ መደበቂያ እንደሆነች መለየት የተመልካቹ ፋንታ ነበር። አብዛኛው ተመልካች ግን ሚዛኑን ለተዋናዩ መልክ አስረክቦ ቁጭ ብሏል። ኩባንያዎቹም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

የሚገርመው፣ አማርኛ ተናጋሪው ነገሩን ሳያስበው ከሁሉ ቀድሞ በቃል ይዞታል። በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው «አክተር» ማለት ተዋናይ ማለት ብቻ አልነበረም። አክተር ማለት ዋናው ሰው ነው፤ ጀግናው ነው፤ የማይሞተው ነው። አግዳሚው ላይ የተኮለኮሉት ልጆች ፊልሙ ገና ሲጀምር «አክተሩ የቱ ነው?» ይባባላሉ። አክተሩ ከታወቀ በኋላ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። እሱ የሚገድለው ሁሉ መሞት የሚገባው ነው፤ እሱን የሚያስቸግር ሁሉ ጠላት ነው። ዛሬም በአማርኛ እየተተረኩ በየስልኩ በሚዞሩት ፊልሞች ላይ ይኸው ነው የሚሰማው። በድርጊት ፊልም ላይ ይህ ብዙም ጉዳት አልነበረውም። የዘመኑ ጨለማ ድራማ ግን የአክተሩን ወንበር ወስዶ ለነፍሰ ገዳዩ ሰጠው። ያውም በእውን ለኖረ፣ እውነተኛ ሰዎችን ለገደለ፣ ሟቾቹ እናትና እህት ላሏቸው ነፍሰ ገዳይ።

ከሁሉ ግልጽ የሆነውን እንውሰድ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኔትፍሊክስ በመስከረም 2022 ስለ ጄፍሪ ዳመር 10 ክፍል ያለው ድራማ ለቀቀ። ዳመር ከ1978 እስከ 1991 ድረስ 17 ወንዶችንና ታዳጊዎችን የገደለ አሜሪካዊ ነው። አብዛኞቹን የገደለው ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ ከሟቾቹ የሚበዙት ጥቁሮች ነበሩ፤ ከሌሎቹ መካከልም የእስያና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ነበሩበት። ዳመርን ሆኖ የተጫወተው ኢቫን ፒተርስ ነው፤ ከ2011 ጀምሮ «አሜሪካን ሆረር ስቶሪ» በተሰኘው ተከታታይ ድራማ ብዙ ወጣት አድናቂ ያፈራ፣ በ2021 ደግሞ «ሜር ኦቭ ኢስትታውን» ላይ ባሳየው ብቃት ኤሚ የተሸለመ ተዋናይ። ድራማው በ60 ቀናት ውስጥ ብቻ 1 ቢሊዮን ሰዓት ታየ። ቢሰላ ከ114,000 ዓመት በላይ የሚሆን የሰው ልጅ ጊዜ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ተመልካች ውስጥ «ነፍሰ ገዳይ ስለምወድ ነው ያየሁት» የሚል አይገኝም። ለኢቫን ነው።

ኢቫን ፒተርስ ደግሞ በእርግጥ ደክሟል። ለወራት ተዘጋጅቷል። የዳመርን አረማመድ ለመያዝ እጆቹ ላይ የእርሳስ ክብደት አስሮ፣ ጫማው ውስጥ ማስረዘሚያ አድርጎ ይንቀሳቀስ ነበር። የሰውየውን ድምፅ ለማጥናት 45 ደቂቃ የሚሆን ቅጂ አዘጋጅቶ በየቀኑ ይሰማ ነበር። ይህ ሙያ ነው፤ ማንም አይክደውም። በጥር 2023 ጎልደን ግሎብ ሲሰጠው ዳኞቹ ያዩት ይህንን ነው።

አሁን ደግሞ ካሜራው የዞረባቸውን ሰዎች እንይ። በ1992 የዳመር ፍርድ ሲሰጥ፣ ወንድሟ በ19 ዓመቱ የተገደለባት አንዲት ሴት ችሎት ፊት ቆማ፣ ሐዘኗንና ንዴቷን መቆጣጠር አቅቷት ስትጮህ በቴሌቪዥን ታይታለች። ድራማው ይህን ትዕይንት እንዳለ ደገመው፤ ልብሷን፣ ጸጉሯን፣ እያንዳንዱን ቃሏን። ሴትየዋ ይህን ያየችው እንደማንኛውም ተመልካች ሆና ነው። ከኔትፍሊክስ ማንም እንዳላነጋገራት፣ አንድም ነገር እንዳልተጠየቀች በይፋ ጻፈች። ከአዘጋጆቹ ዋናው ራያን መርፊ በበኩሉ ወደ 20 ለሚሆኑ የሟች ቤተሰቦችና ወዳጆች መልእክት ልከን አንድም መልስ አላገኘንም ብሏል። እሺ፣ እንበልና እሱም እውነቱን ነው። 20 ሰው ጠይቀህ 20ውም ዝም ቢሉህ ዝምታቸው መልስ አይደለም? የዚያን ዕለት ልብሷን በክር በቀለሙ ፈልጎ ለማግኘት የተደከመውን ያህል ባለቤቷን ለማግኘት አልተደከመም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እዚህ ግን የወጋው በ1994 እስር ቤት ውስጥ ተገድሎ ሞቷል፤ የተወጉት ናቸው በየሳሎኑ እንደገና የሚወጉት።

ሌላም አለ። ቶኒ ሂዩዝ የሚባለው መስማት የተሳነው ወጣት ከሟቾቹ አንዱ ነበር፤ ድራማው አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥቶታል። ብዙ ተመልካች «ያ ክፍል አስለቀሰኝ» ይላል፤ እውነትም ከ10ሩ ምርጡ እሱ ነው። የቶኒ እናት ግን ነገሩ እንደዚያ አልነበረም አሉ፤ የልጃቸው ስም ያለ እሳቸው ፈቃድ እንዴት እንዲህ ሊውል ቻለ ብለውም ጠየቁ። ኢቫን ፒተርስ ሲሸለምም ዝም አላሉም፤ ነፍሰ ገዳይን ሆኖ በመጫወት ሽልማት መገኘቱ የሰዉን የነፍሰ ገዳይ ፍቅር ይበልጥ ያቀጣጥለዋል ሲሉ ተቃወሙ። ጋዜጦች ወሬውን አንድ ቀን ጻፉት። በማግስቱ ቀይ ምንጣፉ ላይ ማን ምን እንደለበሰ ወደ መጻፍ ተመለሱ።

እዚህ ላይ አድናቂው «እኔ ምን አገባኝ? እኔ ትወናውን ነው ያየሁት» ይላል። በዚያው በጥቅምት 2022 የሆነውን ግን ያስታውሷል። የሃሎዊን በዓል ሲደርስ የዳመርን ልብስና መነጽር ለብሶ መውጣት ፋሽን ሊሆን ሲል ኢቤይ የተባለው የገበያ ድረ ገጽ ዕቃዎቹን ከሽያጭ አገደ። እነዚያን ልብሶች ሊገዙ የተሰለፉት ወጣቶች በ1991 አልተወለዱም። የዳመርን የፍርድ ቤት መዝገብ አንብበውም አይደለም። ያዩት አንድ መልከ መልካም ተዋናይ ነው፤ ብርሃኑ በጎን ሲያርፍበት፣ ሙዚቃው ቀስ ሲል፣ ዓይኑ ላይ ብቸኝነት የሚነበብበት ተዋናይ። የአክተሩ ወንበር የሚሠራው ሥራ ይሄ ነው። ተዋናዩ ክፋቱን በደንብ በተጫወተው ቁጥር ክፉው ሰው ይበልጥ ሰው ይሆናል፤ ፍሬም ውስጥ ሦስት ደቂቃ የተሰጠው ሟች ደግሞ ይበልጥ ዕቃ ይሆናል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ያው ድራማ ውስጥ ሌላም ትወና አለ። በግንቦት 1991 አንድ የ14 ዓመት ልጅ፣ የላኦስ ስደተኞች ልጅ፣ ከዳመር አፓርታማ ራቁቱን አምልጦ መንገድ ላይ ወጣ። ሁለት ጥቁር ወጣት ሴቶች አግኝተውት ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሶቹ የመጡት ሴቶቹን ዝም አሰኝተው ልጁን መልሰው ለዳመር ለማስረከብ ነበር። የዳመርን ስም እንኳ አላጣሩም፤ ቢያጣሩ ኖሮ ሰውየው በሕፃን ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ተፈርዶበት በገደብ የተለቀቀ መሆኑን ያገኙ ነበር። ግሌንዳ ክሊቭላንድ የተባለች ሴት፣ የአንደኛዋ ወጣት እናት፣ ደጋግማ ስልክ ደወለች። የተነገራት ልጁ ሕፃን አይደለም፣ ነገሩም የሁለት ወዳጆች ጠብ ነው የሚል ነው። ልጁ ያን ሌሊት ተገደለ። ዳመር በሐምሌ እስኪያዝ ድረስ ሌሎች አራት ሰዎች ተጨመሩ። ሁለቱ ፖሊሶች ከሥራ ተባረው ኋላ በፍርድ ቤት ውሳኔ ተመለሱ፤ ከሁለቱ አንዱ ከዓመታት በኋላ የከተማዋ የፖሊሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ።

ድራማው ውስጥ ግሌንዳን ሆና የተጫወተችው ኒሲ ናሽ ናት፤ በጥር 2024 የኤሚ ሽልማት ወስዳበታለች። ስትሸለምም የግሌንዳን ስም ጠርታ፣ ጮኸው ላልተሰሙ ጥቁር ሴቶች ሁሉ ነው የምቀበለው አለች። በእውነተኛው ታሪክ ግሌንዳ የምትኖረው አጠገቡ ባለው ሕንጻ ነበር፤ ድራማው ግድግዳ አዋሳኝ ጎረቤት አድርጓታል። ይህንን ይቅር እንበለው። ጥያቄው ሌላ ነው። የሚልዋኪ ታሪክ ልቡ ያለው የት ነው? አንድ የታመመ ሰው እንዴት ሥጋ እንደሚቆርጥ ነው ወይስ አንዲት እናት እየደወለች ለምን እንዳልተሰማች? ሁለተኛው ነው ያልን እንደሆነ አክተሯ ግሌንዳ ልትሆን ይገባት ነበር። ፖስተሩ ላይ ግን የማን ፊት ነበር?

ሁሉንም በአንድ ከረጢት የሚጨምሩ አሉ። «ጨለማ ነገር ማየት ነፍስ ያቆሽሻል፤ አትዩ» ይላሉ። ይህ ስንፍና ነው። ክፋትን ማየት ባይፈቀድ ኖሮ መድረክ የሚባል ነገር ራሱ ባልኖረ፤ ከጥንቶቹ ግሪኮች ጀምሮ እስከ ዛሬ ቴአትር የቆመው በደም ላይ ነው። ልብ ወለድ የሆነ ወንጀለኛን ታላቅ ተዋናይ ሲጫወተው ማየት ሰውን ራሱን የሚያሳየው ጊዜ አለ። ለዚህ ከ1999 እስከ 2007 የታየውን «ዘ ሶፕራኖስ» የሚያህል ምስክር የለም። ጄምስ ጋንዶልፊኒ የማፊያ አለቃውን ቶኒን ሆኖ ሲጫወት ተመልካቹ ወደደው። እጅግ ወደደው። ገና በአምስተኛው ክፍል ሰውየው ሴት ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያስጎበኝ ወጥቶ በመሐል አንድ ሰው አንቆ ይገድላል። የጣቢያው ኃላፊዎች «ሰዉ ይጠላዋል» ብለው ፈርተው ነበር። አልጠላውም። ከዚያ በኋላ 81 ክፍሎች አብሮት ሄደ።

የድራማው ፈጣሪ ዴቪድ ቼዝ ግን ተመልካቹን አልለቀቀውም። ቶኒ ዘንድ የሥነ ልቡና ሐኪም አለች፣ ዶክተር ሜልፊ። ሰባት ዓመት ትሰማዋለች። ነፍሰ ገዳይ መሆኑን ታውቃለች፤ ባልደረቦቿ ይነግሯታል፤ እሷ ግን ሙያዬ ነው፣ ልረዳው ነው ትላለች። እውነቱ ሰውየው ይማርካታል። ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ላይ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች በሕክምናው ይበልጥ ጎበዝ ወንጀለኛ እንደሚሆኑ የሚል ጥናት አንብባ በሩን ፊቱ ላይ ትዘጋበታለች። ሜልፊ ማን እንደሆነች ለመረዳት ብዙ መመራመር አያሻም። ሶፋው ላይ የተቀመጠው «ለአክተሩ ብዬ ነው» ባዩ ነው። ቶኒ የሚያንቀው ሰው እናት የላትም፤ ልብ ወለድ ነው። ስለዚህ ድራማው ተመልካቹን እስከ ጥጉ ድረስ ማጥመድና ማጋለጥ ይችላል፤ ዋጋውን የሚከፍል ሌላ ሰው የለም።

ያም ሆኖ ልብ ወለድም ቢሆን ፍቅሩ የሚፈስበት ቦታ አለ። «ብሬኪንግ ባድ» ላይ ብራያን ክራንስተን ዋልተር ዋይትን ተጫውቶ አራት ጊዜ ኤሚ ወሰደ፤ ሁሉም ይገባዋል። የአደገኛ ዕፅ አምራቹን ባሏን የምትቃወመውን ሚስት የተጫወተችው አና ገን ግን ምን ደረሰባት? በ2013 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ራሷ ጻፈችው። ጥላቻው ከገጸ ባሕርይዋ አልፎ ወደ እሷ፣ ወደ ተዋናይዋ መጣ፤ የት እንደምገኝ ጠይቆ ሊገድለኝ የሚፈልግ ሰው ሳይቀር ነበር አለች። ሚስቲቱ የሠራችው ጥፋት ምን ነበር? አክተሩን ማስቸገሯ። የቪዲዮ ቤቱ ሕግ ይኸው እንደገና። አድናቂው «ትወናን ነው የማደንቀው» ካለ፣ ያን ያህል ጥላቻ መቀስቀስ የቻለችው ሴትም እኮ ተዋናይ ነበረች። ለምን እሷን አላደነቀም? የሚያደንቀው ትወናን ሳይሆን ወንበሩን ስለሆነ ነው።

የእውነተኛ ሰዎች ጨለማ ታሪክም በተዋናይ አቅም ሌላ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ያው ኔትፍሊክስ በ2019 የአቫ ዱቨርኔይን «ዌን ዜይ ሲ አስ» አቀረበ። አራት ክፍል ብቻ ነው፤ ለማየት ግን ከዳመር ይከብዳል። በ1989 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በአንዲት ሴት ላይ በደረሰ ጥቃት በሐሰት የተፈረደባቸው የአምስት ታዳጊዎች ታሪክ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 ነበር። ዕውነተኛው ወንጀለኛ ኋላ ራሱ አምኖ፣ የዘረመል ምርመራውም አረጋግጦት በ2002 ፍርዱ ተሰረዘ፤ በ2014 ከተማዋ 41 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ከአምስቱ ኮሪ ዋይዝ 16 ዓመቱ ስለነበር እንደ አዋቂ ተፈርዶበት ከአዋቂዎች ጋር ታሰረ። እሱን የተጫወተው ጃሬል ጀሮም ሲሆን ልጅነቱንም አዋቂነቱንም ብቻውን ተሸክሞታል። ሌሎቹ አራቱ ለየዕድሜያቸው ሁለት ሁለት ተዋናይ አላቸው። ያን ዓመት ጃሬል በ21 ዓመቱ ኤሚ ሲሸለም አምስቱ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ ስማቸውን ጠራ፣ ቆመው አጨበጨቡለት።

ይህን ድራማ «ለጃሬል ብዬ ነው ያየሁት» ያለ ሰው አልዋሸም። ጃሬልን ባየ ቁጥር ኮሪን ነው ያየው። ትወናው የሚያበራው የተበደለውን ስለሆነ አድናቆቱም እዚያው ይደርሳል። ድራማው እንከን የለውም ማለት አይደለም። የቀድሞዋ ዐቃቤ ሕግ ስሜን አጉድፏል ብላ ከሳ፣ በ2024 ክሱ በስምምነት ሲያልቅ ኔትፍሊክስ ያለ ጥፋታቸው የታሰሩትን ነጻ ለማውጣት ለሚሠራ ድርጅት 1 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማምቷል። እውነተኛ ሰውን ወደ ድራማ ማስገባት በየትኛውም በኩል ዋጋ አለው። ልዩነቱ ግን የባሰ ጉዳት የደረሰባቸው አምስቱ ሰዎች ከመጀመሪያው ተጠይቀው፣ ተሰምተው፣ ታሪኩ የእነሱ ሆኖ መሠራቱ ነው።

«ታዲያ ተዋናዩ ምን ያድርግ? የተሰጠውን ሚና ይጫወታል እንጂ» የሚል ክርክር አለ። ለተዋናዩ ይሠራ ይሆናል፤ እንጀራው ነው። ለተመልካቹ ግን አይሠራም። ተመልካቹን ማንም አልቀጠረውም። ኢቫን ፒተርስን የሚወድ ሰው የሚያየው ሌላ ሥራ ሞልቶለታል፤ ኤሚ ያሸለመው መርማሪ ፖሊስ ሆኖ የተጫወተበት ነው። ዳመርንም ቢሆን አትዩ የሚል ሕግ የለም። ግን ያየ ሰው ከድራማው ሲወጣ ከ17ቱ የስንቱን ስም ያውቃል? የዳመርን መነጽር ቅርጽ አይቶ መለየት የሚችል፣ ያን የ14 ዓመት ልጅ መልሰው ስላስረከቡት ፖሊሶች ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ፣ ትወናውንም በቅጡ አላየም። ትወና የሚታየው ከታሪኩ ጋር ነው።

ኩባንያው ግን መልሱን ከሰዓቱ ቁጥር ላይ አንብቧል። ዳመር ገና ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው ተከታታዩ በሌሎች ወንጀለኞች እንዲቀጥል ተወሰነ። በ2024 ወላጆቻቸውን የገደሉት የሜኔንዴዝ ወንድማማቾች መጡ፤ ከሁለቱ አንዱ እስር ቤት ሆኖ ድራማውን ውሸት ብሎ አወገዘው። በጥቅምት 2025 ደግሞ የኤድ ጊን ተራ ሆነ፤ በ1957 ዊስኮንሲን ውስጥ የተያዘ፣ ሁለት ሴቶችን የገደለና መቃብር ይቆፍር የነበረ ሰው። የሚጫወተው ቻርሊ ሃናም ነው፤ ከ2008 እስከ 2014 «ሰንስ ኦቭ አናርኪ» ላይ በሞተር ብስክሌትና በረጅም ጸጉሩ ልብ የሰረቀው። የሁለቱን ሴቶች ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። የቻርሊን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ድራማው ሊለቀቅ ሳምንታት ሲቀሩት ጀምሮም አድናቂዎቹ ያችኑ የተለመደች መልስ አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር።